ከአንድ ቤት አንድ ሰው

ደረጃ ስወጣ የሚያየኝ ሰው ሁሉ ያዝንልኛል። ሦስት እወጣና እቆማለሁ፤ ትንፋሼ ሲመለስ ደግሞ ሦስት። የማላውቀው ሰው ክንዴን ሊይዝ ሲመጣ «ግድ የለም፣ ልማዴ ነው» እለዋለሁ። እውነቴን ነው፤ ደረጃ አያስፈራኝም። በዕድሜዬ ከልቤ የፈራሁት አንድ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው ፍርሃት ሁሉ የዚያን ቀን ፍርፋሪ ነው የሚመስለኝ። ለልጆቼ እንኳ አጥርቼ ነግሬያቸው አላውቅም፤ ለእናንተ ግን ከጫፍ ጀምሬ ላጫውታችሁ።

ስሜ እንድሪስ ነው፤ የቆቦ ልጅ ነኝ። አባቴ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር ማሽላ ያርስ ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ጉሮሮዬን አመመኝ፤ ቀጥሎ ጉልበቴ አበጠ፤ ቀጥሎ ውኃ ቀድቼ ስመለስ መንገድ ላይ ተዘረርኩ። ታላቅ ወንድሜ ሁሴን አዝሎ ከመኪና አሳፈረኝ፣ አባቴ ደሴ ድረስ ወሰደኝ። ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርጎ ብዙ ከቆየ በኋላ «የልብህ በር በደንብ አይዘጋም» አለኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሮ የተከለከልኩትን ይዘረዝርለት ጀመር። እርሻ የለም፣ ሸክም የለም፣ ሩጫ የለም፣ ዳገት የለም። በየወሩ ፔኒሲሊን መወጋት ግን አለ።

አባቴ እስከ መጨረሻው ሰማና «ታዲያ ምን ቀረው?» አለ።

ሐኪሙ የመርፌውን ማዘዣ ጽፎ ሰጠው። እኔም ያችን ጥያቄ ይዤ አደግኩ።

በራያ ቆላ የወንድ ልጅ ዋጋው ትከሻው ነው። ሁሴን በአጨዳ ጊዜ የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል፤ እኔ ማማ ላይ ተቀምጬ ማሽላውን ከወፍ እጠብቃለሁ። ለዚያውም ወንጭፍ ስለሚያደክመኝ በጩኸት ብቻ ነበር። ወፎቹም ድምፄን ለመዱት። የሰፈሩ ሰው «ተቀማጩ» ይለኝ ጀመር። ሁሴን ሲሰማ ይጣላልኛል፤ እኔ ግን ስድብ እንኳ አይደለም፣ እውነት ነው እል ነበር በልቤ።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ገበያ ዳር የእጅ ሰዓት መጠገን ያዝኩ። አንድ ቀን የወባ ጣቢያው ኃላፊ ጋሽ ኪሮስ ሰዓቱን አመጣ። ቤተሰቡ ከትግራይ በኩል የመጣ፣ ቆቦ ላይ ያረጀ፣ ቀልደኛ ሰው ነበር። ጠዋት ሰጥቶኝ ሄዶ ቀትር ላይ ሲመለስ እንዳጎነበስኩ፣ ከቦታዬ ሳልነቃነቅ አገኘኝ።

«አንተ ልጅ፣ ወገብህን አያምህም?»

«ከመቀመጥ ሌላ ምን አውቃለሁ ጋሼ?»

«እንግዲያው ና። እኔ ዘንድ ለመቀመጥ ደመወዝ ይከፈላል።»

እንዲህ ሆኜ ነው ደም መርማሪ የሆንኩት። ሥራው ቀላል ይመስላል። ከታማሚው ጣት የተወሰደች ጠብታ ደም ስላይድ በምንላት ስስ መስታወት ላይ ትቀባለች፤ ስትደርቅ ቀለም ትነከራለች፤ ከዚያ ማይክሮስኮፕ ሥር ትገባለች። የእኛ ማይክሮስኮፕ የኤሌክትሪክ መብራት አልነበረውም። ከሥሩ ያለችውን መስተዋት ወደ ፀሐይ አዙረን በእሷ ብርሃን ነበር የምንሠራው። በሌንሱ ውስጥ የምትታየዋን ክብ ቦታ ፊልድ እንላታለን። «ማሳህ ይቺ ናት» አለኝ ጋሽ ኪሮስ በመጀመሪያው ቀን። «መቶ ማሳ ሳታርስ ‘የለም’ ብለህ እንዳትጽፍ።»

አንድ ሌላ ነገርም አሳይቶኛል። ከመሳቢያው የክብሪት ቀፎ አወጣ፤ ውስጡ በጥጥ የተጠቀለለ አሮጌ ስላይድ ነበር። አጎንብሼ ሳይ በደም ሕዋሶቹ መካከል እንደ ተጠማዘዘ ፀጉር ያሉ ቀጫጭን ሐምራዊ ክሮች አየሁ።

«ምንድን ነው?» አለኝ።

«ቆሻሻ። የቀለም ክምችት።»

ከት ብሎ ሳቀ። «እኛ የወባ ሰዎች በሽታችን ይህ ነው፤ ወባ ያልሆነ ሁሉ ቆሻሻ ይመስለናል። ይቺ ግርሻ ናት፣ ለቀቀች ሲሏት ተመልሳ የምትነሣ ትኩሳት። በቅማል ነው የምትተላለፈው፣ ሰው የታጨቀበት ቦታ ትወዳለች። ፔኒሲሊን ይገድላታል። ስትሞት ግን ዝም ብላ አትሞትም፤ በሽተኛውን አንቀጥቅጣ ነው የምትሄደው። ከመርፌው በኋላ በዚያ መንቀጥቀጥ የሞተ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።» ቀፎውን መሳቢያው ውስጥ መለሰው። እኔም ረሳሁት።

ያ ዘመን የብሔራዊ ውትድርና ዘመን ነበር። አንድ ሰሞን በእኛ ቀበሌ «ከአንድ ቤት አንድ ሰው» የሚል ቃል ወጣ። የቀበሌው ሊቀመንበር ከሁለት ታጣቂዎች ጋር ደጃችን ቆሞ ሁለታችንን አስተያየን። እኔን ከእግር እስከ ራስ አየኝና «ይኼ ለራሱም አይሆንም» አለ። ሁሴንን ይዘውት ሄዱ። ሁሴን ሲወጣ ትከሻዬን መታ አድርጎ «አብሽር እንድሬ፣ በሬዎቹን ውኃ አትርሳብኝ» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። አባቴ በዚያ ምሽት አልተናገረኝም፣ አላየኝምም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለሃያ ቀን ስለ ሁሴን አንድ ወሬ እንኳ አልሰማንም።

በሃያ አንደኛው ቀን ይመስለኛል፣ ጋሽ ኪሮስ ከፀረ ትንኝ መድኃኒት ረጪዎቹ ጋር ዋጃ ሄዶ ጣቢያው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ስድስት ሰዓት ገደማ ሁለት ወታደሮች ገቡ።

«ደም የሚያየው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ዕቃህን ይዘህ ውጣ።»

የት እንደምንሄድ አልጠየቅኩም፤ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም። የማይክሮስኮፑን ሣጥን ጭኔ ላይ አድርጌ ጂፑ ላይ ተቀመጥኩ። ልቤ ገና ከአሁኑ ይዘል ጀምሯል።

የወሰዱኝ ከከተማው ዳር ወዳለ አንድ የእህል መጋዘን ነው። ግቢው በሽቦ ታጥሯል። በሩ ሲከፈት የወጣውን ሽታ እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ የላብ፣ የትውከትና የእርጥብ ጆንያ ሽታ ነበር። በር ላይ አንድ ሻምበል ቆሟል። ከስቷል፣ ዓይኖቹ ደም ለብሰዋል፣ በቀበቶው ሥር እጁን እየሰደደ ያካል።

«ስማ» አለኝ። «ከነገ ወዲያ እነዚህን ሰዎች መኪና ላይ ጭኜ ወደ ሰሜን መላክ አለብኝ። እኩሌቶቹ ትኩሳት አለን ብለው ተኝተዋል። ድሬሰሩ የወባ መድኃኒት አጉርሷቸዋል፣ አልተነሡም። ሦስት ሞተውብኛል። የምፈልገው አንድ መልስ ነው፤ ወባ ነው ወይስ አይደለም?»

ድሬሰሩ፣ ማለትም ቁስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው የአስር አለቃ፣ ከኋላው ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

መውጊያዬን ይዤ ገባሁ። ሰዎቹ በሁለት ረድፍ ጆንያ ላይ ተኝተዋል። ጣታቸውን እየወጋሁ፣ ደማቸውን በስላይድ እየወሰድኩ አራተኛው ላይ ደረስኩ። እጁን ስይዝ አወቅኩት። በመዳፉ ላይ ያለውን የማጭድ ጠባሳ፣ ቁስል ሳለ እኔ ነኝ ያሰርኩለት።

ሁሴን ነበር። ጉንጩ ገብቷል፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ስሙን ልጠራ አፌን ስከፍት ጣቴን ጨበጥ አደረገና በሹክሹክታ «አታውቀኝም» አለኝ። «ካወቁ ወንድሙን ሊያስመልጥ ነው ይሉሃል። አታውቀኝም።»

ጣቱን ወጋሁ። የመጀመሪያው ስለሳተ ሁለት ጊዜ ነው የወጋሁት። እሱ በእኔ ቦታ ነበር እዚያ የተኛው። ይህን አንድም ሰው ሊነግረኝ አያስፈልግም ነበር።

ማይክሮስኮፑን በሩ አጠገብ፣ ፀሐይ የምትደርስበት ላይ በበርሜል አናት አኖርኩ። ደሙ እስኪደርቅ፣ ቀለሙ እስኪይዝ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ሻምበሉ በየአምስት ደቂቃው ሰዓቱን ያያል። በመጨረሻ የመጀመሪያውን ስላይድ አስገባሁ። ፍርሃት ዓይን አይጋርድም ያለ ሰው ማይክሮስኮፕ አላየም። ሽፋሽፍቴ ሌንሱን እየመታ ያስቸግረኛል፤ ግን ቆጠርኩ። ሃምሳ፣ ስልሳ፣ መቶ። ወባ የለም። ሁለተኛው፣ መቶ፤ የለም። ሦስተኛው፣ የለም። እዚህም እዚያም ቀለም የያዘ ክር መሳይ ነገር ዓይኔን ያልፋል። ቸኩዬ ያጣራሁት ቀለም ነው፣ ቆሻሻ ይበዛዋል ብዬ አለፍኩት።

«እህ?» አለ ሻምበሉ ከአናቴ በላይ።

«ወባ የለም፣ ጓድ ሻምበል።»

አያችሁ፣ በእኛ ጣቢያ ይህ ቃል የሥራ መጨረሻ ነው። «የለም» ብለህ ትጽፋለህ፣ ስላይዱን ታጥባለህ፣ ቀጣዩን ትወስዳለህ። የበሽተኛው ነገር ከዚያ በኋላ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው። እዚያ በር ላይ ግን ሌላ ሰው አልነበረም። ሻምበሉ የሰማው ወባ የላቸውም የሚለውን አይደለም። በሽታ የላቸውም የሚል ነው የሰማው።

«አላልኳችሁም!» ብሎ ጮኸ። «አስመሳይ ሁሉ! አውጧቸው!»

ወታደሮቹ ገብተው በእርግጫ እያስነሡ አወጧቸው። ግቢውን ዙሩ ተባሉ። በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ፣ በቆቦ ሜዳ ሙቀት፣ በትኩሳት የሚነድዱ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች መሮጥ ጀመሩ። መሮጥ ካላችሁት ነው፤ መንገዳገድ ነበር። አቧራው ተነሣ። «እኔ እንዲህ አላልኩም» ለማለት ፈልጌ ነበር፤ ግን አልተናገርኩም። ልቤ ደረቴን ሲደበድበው ይሰማኛል። ፈራሁ። ወንድሜ ፊቴ እየተገደለ እኔ ስለ ራሴ ነበር የፈራሁት፤ ይህን ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

በሁለተኛው ዙር አንድ ቀጠን ያለ ወጣት በግንባሩ ተደፋ። ከጎብዬ ነው አሉ። አልተነሣም። ወታደሩ በጫማው ገልበጥ ሲያደርገው ከአፍንጫው ደም ወርዷል፤ ዓይኑ ተከፍቶ ቀርቷል። ሁሴን ከኋላው ሲደርስ ሬሳውን ላለመርገጥ ዞር አለና በጉልበቱ ወደቀ። ወታደሩ ዱላ አነሣበት።

ያኔ ነው ወደ ሌንሱ የተመለስኩት። ድፍረት አይደለም፤ ዓይኔን የማሳርፍበት ሌላ ቦታ አጥቼ ነው። ተራው የሁሴን ስላይድ ነበር፣ አራተኛው፤ አስገባሁት። አቧራው ፀሐይዋን ስለጋረዳት ብርሃኑ ደብዝዟል፤ መስተዋቷን እያዞርኩ ፈለግኩት። መጣ። በብርሃኑ መሀል፣ በሕዋሶቹ መካከል ያ ክር ተጋድሟል። ሐምራዊ፣ የተጠማዘዘ። ከጎኑ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ ሦስት። ቀለም እንዲህ አይጠማዘዝም፤ በአንድ ልክ፣ በአንድ ዓይነት ጥምዝ የሚመጣ ቆሻሻ የለም። የክብሪት ቀፎው ትዝ አለኝ።

«ግርሻ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጥኖ ወጣ። «ጓድ ሻምበል ያስቁሟቸው! ታመዋል! ግርሻ ነው!»

ወደ እኔ መጣ። የሽጉጡን አፎት ከፍቶታል።

«ቅድም የለም አልክ።»

«ወባ የለም ነው ያልኩት። ይኼ ሌላ ነው። በቅማል የሚመጣ ነው።»

«ሃሳብህን የለወጠው ማን ነው? ከእነዚህ ውስጥ የምታውቀው ሰው አለ?»

ሁሴን በጉልበቱ እንዳለ ራሱን ነቀነቀ፤ በጣም ትንሽ፣ ለእኔ ብቻ።

«የለም» አልኩ። በዚያ ቀን የተናገርኩት ሁለተኛው «የለም» ነው።

ሻምበሉ ወደ ድሬሰሩ ዞረ። «መድኃኒት አለው?» ድሬሰሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ «ግርሻ ከሆነ ፔኒሲሊን ነው። እሱ አለን» አለ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ጋሽ ኪሮስ ያለው ትዝ ይለኛል፤ ካልተናገርኩና የተወጋው ሰው መንቀጥቀጥ ሲጀምር መርዝ ሰጠኸው ይሉኛል። «አንድ ነገር አለ» አልኩ። «ከተወጉ በኋላ ሕመሙ ይብሳል። በጣም ይንቀጠቀጣሉ። ጥቂት ሰዓት ነው፣ ከዚያ ይለቃቸዋል። አንዳንዱ ግን በዚያ ላይ...»

«በዚያ ላይ ምን?»

«ይሞታል።»

ሻምበሉ ሳቀ። የሚያስቅ ነገር ያገኘ ሰው ሳቅ አልነበረም። «መድኃኒትህ ያድናል፣ ወይም ይገድላል። ጥሩ። በአንድ ሰው እንየው። ከዳነ ሁሉም ይወጋሉ። ከሞተ አንተን ከጎኑ አስተኛሃለሁ። ማን ይሁን? ምረጥ።»

ረድፉን አየሁ። ሁሉም ያዩኛል። ማንን እላለሁ? ማንን ነው ወደ ሞት የምጠቁመው? ጣቴ አልነሣ አለ።

«እኔን ውጉኝ» የሚል ድምፅ መጣ። ሁሴን አጥሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ለምን አንተ?»

«ጉልበት አለኝ» አለ። ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

ዐሥር ሰዓት ላይ ወጉት። ድሬሰሩን «ትንሽ አድርገው፣ ከግማሽም ይነስ» ብዬ ለመንኩት፤ እሱም ሰማኝ። ሁሴንን በሩ አጠገብ አጋደሙት፤ እኔንም ከጎኑ ተቀመጥ አሉኝ። ሻምበሉ ሣጥን ስቦ ፊት ለፊታችን ተቀመጠ፣ ሽጉጡን ጭኑ ላይ አኖረ።

አንድ ሰዓት አለፈ፤ ምንም የለም። ፀሐይ ወደ ምዕራቡ ተራራ ወረደች። ምናልባት ተሳስቻለሁ፣ ምናልባት ክሩ ቀለም ነው ማለት ጀመርኩ። ሰው ሲፈራ የገዛ ዓይኑንም ይክዳል። ጥላው ግቢውን ሸፍኖ ሊጨርስ ሲል የሁሴን መንጋጋ ይንገጫገጭ ጀመር። ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ መላ አካሉ። ያ የሁለት ሰው ሥራ የሚሠራ ገላ መሬቱን እየደበደበ ተንቀጠቀጠ። ከንፈሩ ጠቆረ። ዓይኑ ተገለበጠ። «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ይላል፤ ከዚያ እሱንም ተወው።

ሻምበሉ ተነሣ። «ገደልከው።»

«ቆይ! ይለቀዋል! ቆይ!»

የሁሴንን ራስ ጭኔ ላይ አድርጌ አንጓውን ያዝኩ። የደም ሥሩ ከጣቴ ሥር ይሮጣል፣ ይጠፋል፣ ይሮጣል። የእኔም እንዲሁ ነበር። የማን ልብ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ዓይኔ ጨለመ፣ ደረቴ ተቆለፈ፤ አሁን እኔም ብወድቅ ሁለታችንም እዚህ ቀረን አልኩ። አባቴ ሁለት ልጁን በአንድ ቀን ሊቀብር ነው። ያኔ ዘበኛው ሁሉ፣ ታማሚው ሁሉ እየሰማ ተናገርኩ።

«ሁሴን! ሁሴኔ! ወንድምዓለም፣ እንዳትተወኝ!»

ያልኩትን ያወቅኩት ካልኩት በኋላ ነው። ወደ ሻምበሉ ቀና ብዬ አየሁ። ሽጉጡ እጁ ላይ ነው፤ ወደ መሬት ያዘነበለ። አላነሣውም፣ አልመለሰውምም።

«ወንድምህ ነው» አለ።

«አዎ።»

ተመልሶ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። ይህ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት በወንድሙ ላይ የሚዋሽ ሰው የለም ብሎ ይሆናል።

መንቀጥቀጡ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ አላውቅም። መጀመሪያ እጁ ጸጥ አለ። ከዚያ ላብ መጣ፤ ሱሪዬን አልፎ እግሬን ያረጠበ ላብ። ከዚያ ሁሴን ዓይኑን ገለጠና «ውኃ» አለ። ድሬሰሩ ሮጦ ሲያመጣለት ያለቅስ ነበር። እኔ ግን ማልቀስም አቅቶኝ ነበር።

በማግሥቱ ፀሐይ በዞብል ተራሮች በኩል ስትወጣ የሁሴንን ደም እንደገና ወስጄ ቀለም ነክሬ አየሁ። መቶ ፊልድ ቆጠርኩ። ሌላ መቶ ጨመርኩ። አንድም ክር አልነበረም። ሻምበሉን ጠርቼ የትናንቱንና የዛሬውን አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አጎንብሶ ቆየ።

«ይህ ነገር በቅማል ነው የሚመጣው ያልከኝ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እጁ ከቀበቶው ሥር ነበር።

«አዎ። ልብስዎን ያስቀቅሉት፣ ጓድ ሻምበል።»

በዚያን ቀን ሁሉም ጥቂት ጥቂት እየተወጉ ታከሙ፤ ራሳቸው ተላጨ፣ ልብስ ሁሉ በበርሜል ተቀቀለ። አንድ ሰው በመንቀጥቀጡ ሞተብን። ሌሎቹ ተነሡ። ወደ ማታ ሻምበሉ እኔንና ሁሴንን አስጠራን።

«ከአንድ ቤት አንድ ሰው ነው ሕጉ፤ አይደል?»

«አዎ ጓድ ሻምበል።»

«እናንተ ግን ሁለታችሁም እዚህ ናችሁ። አንዱ ይበዛል።»

ስለዋሸሁት ሊቀጣኝ ነው አልኩ።

«አንተ» አለው ሁሴንን፣ «ወደ ቤትህ ሂድ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ትቀራለህ። ጠመንጃ የሚይዝ ሞልቶኛል።»

ሁሴን ግድግዳ ይዞ ተነሣ። «ወላሂ እሱ አይችልም! ልቡ ሕመምተኛ ነው፣ ሁለት መቶ እርምጃ አይራመድም!»

«ማን ተራመድ አለው?» አለ ሻምበሉ። «ተቀምጦ ነው የሚሠራው።»

እንዲህ ሆኜ፣ ለራሱም አይሆንም የተባልኩት እኔ የቤታችን አንድ ሰው ሆንኩ። ማይክሮስኮፑን ከጣቢያው በደብዳቤ ተዋሱት። አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሣጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በጭነት መኪና ከካምፕ ካምፕ ዞርኩ። በየወሩ መርፌዬን ድሬሰሩ ይወጋኛል። የጀግና ነገር አልሠራሁም፤ የተኩስ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ከጠረጴዛ ሥር የምገባ ሰው ነበርኩ። ስመለስ ጋሽ ኪሮስ የክብሪት ቀፎውን ሰጠኝ፤ «የአንተ ናት» ብሎ። ከዚያ ወዲያ ዕድሜዬን በላቦራቶሪ፣ ኋላም በምርምር ሥራና በማስተማር ጨረስኩ። ሁሉንም ተቀምጬ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ቤታችሁ ውስጥ ደረጃ የማይወጣ ልጅ ይኖራችኋል። ምናልባት እናንተው ራሳችሁ ናችሁ። በሽታ በረከት ነው አልላችሁም፤ እኔ ዛሬም ጤነኛ ልብ ብታመጡልኝ እቀበላለሁ። ግን የጎደለውን ሲዘረዝሩላችሁ እስከ መጨረሻ ሰምታችሁ የአባቴን ጥያቄ ጠይቁ። ምን ቀረ? ደግሞም መልስ እስክታገኙ አትነሡ፤ መቶ ማሳ ቢሆንም ቁጠሩ።

ለተማሪዎቼ ግን ሌላ ነገር ነው የምነግራቸው። ማንም ተማሪዬ በወረቀት ላይ «የለም» ብሎ ብቻ ጽፎ አልፎ አያውቅም፤ ምን የለም፣ ምን አየሁ፣ ምን አልገባኝም ብሎ ካልጻፈ አልቀበለውም። ጨካኝ ነው ይሉኛል። የጎብዬውን ልጅ ስላላወቁት ነው። ስሙን እንኳ ሳልጠይቅ ነው የቀረሁት፤ እኔ በተናገርኳቸው ሁለት ቃላት ነው ሲሮጥ የሞተው። ስንት ሰው ባድንም ያ ሒሳብ አይዘጋልኝም።

ሁሴን ከመጋዘኑ ወጥቶ ቤት የደረሰ ዕለት የሆነውን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የነገረኝ። አባቴ ደጅ ላይ አቅፎት አለቀሰ፤ ከዚያ ወደ መንገዱ ተመለከተና «እንድሪስስ?» አለው።

«እሱ በእኔ ቦታ ቀረ።»

«እሱ?» አለ አባቴ። «ምን ቀረውና?»

ሁሴን እዚያው ደጅ ላይ ቁጭ አለ፤ እግሩ ገና አልጸናም ነበር።

«አባዬ» አለው፣ «እኔን ያተረፈኝ ያ የቀረው ነገር ነው።»